ትኩሳቱ የወረደበት ሐሙስ

ሰኞ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2003 ዓ.ም.
ቁስሉ ትንሽ ነው። በማስመሪያ ለካሁት፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ባለቤቴ ይርጋለም ትናንት ከቅዳሴ ስትመለስ፣ ከባጃጅ ስትወርድ የቆርቆሮ ጫፍ ቁርጭምጭሚቷን ጫራት። በሳሙና አጠብን፤ በንጹሕ ጨርቅ አሰርን። ጤና ጣቢያ እንሂድ ብላት፣ «ለዚች ጭረት? አንተ ሰውዬ፣ ጡረታ ወጥተህ ተማሪ ብታጣ እኔን ማረም ያዝክ!» አለችኝ። ሳቅንና ተውነው።
ድንቹ ተኮትኩቷል። የጣሪያው ቀዳዳ ገና ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 4
እግሯ ቀልቶ አብጧል። ብርድ ብርድ ይላታል። ትኩሳት፦ ጠዋት 38.4፣ በስምንት ሰዓት 39.1።
ማስታገሻ ሰጠኋት፤ ቅዳሴ ሳይወጣ አልውጥም ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆየችው። ፍልሰታን ከልጅነቷ ጀምሮ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ነው የምትጾመው። የታመመ ሰው እንደማይገደድ አውቃለሁ። ነገርኳት፤ ግን ጠበቅ አላደረግሁትም።
ነገ ካልበረደ ጤና ጣቢያ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 5
ወረደ! 35.6። ሁለት ጊዜ ለካሁ፤ ያው ነው። ባሕር ዳር ላለችው ልጃችን ለመሠረት ደውዬ «ትኩሳቱ ለቀቃት» አልኳት። ጤና ጣቢያው ቀረ።
ደክሟታል፤ እንቅልፍ ይበዛባታል። እጇ ይቀዘቅዛል። ትንፋሿ ፈጠን ፈጠን ይላል። ከትናንት ማታ ወዲህ ሽንት አልሸናችም። ምን ጠጥታ ትሽና? ጾም ነው።

እዚያው ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት
በችኮላ ነው የምጽፈው። ጨርቅ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ዘይነባ ልትጠይቃት መጣች። ፊቷን አየት አድርጋ፣ «እትዬ ይርጋለም፣ እኔ ማን ነኝ?» አለቻት። ይርጋለም የሟች እኅቷን ስም ጠራች።
ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች። «መቼ ነው እንዲህ የሆነችው?»
«ጾሙ አድክሟት ነው» አልኩ።
«ጋሼ፣ ረመዳን መሆኑን ረሱት እንዴ? እኔም ከንጋት ጀምሮ ውሃ አልቀመስኩም። ይኸው እርስዎን አውቄዎታለሁ። ጾም ሰው አያስረሳም! ጋቢ ያልብሷት፤ ባጃጅ ልጥራ።»
አልተከራከርኩም። ሆስፒታል ልንሄድ ነው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 6፣ ሆስፒታል
ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የነገረችኝን ሳልረሳው ልጻፍ። በቁስሉ የገባው ጀርም ሲበረታ፣ ሰውነት እሱን እዋጋለሁ ብሎ ራሱን መጉዳት ይጀምራል። ሴፕሲስ ይሉታል። የደም ግፊት ይወርዳል፤ ለኩላሊትና ለአንጎል በቂ ደም አይደርስም። ሽንት የሚጠፋው፣ ሰው የሚቀባዥረው ለዚህ ነው። በአንድ ምርመራ ብቻ አይታወቅም፤ ግፊቱ፣ ትንፋሹ፣ የልብ ምቱ፣ ሽንቱ፣ ደሙ ተያይቶ ነው።
ማስታወሻዬን አሳየኋት። የሐሙሱ 35.6 ላይ ጣቷን አሳረፈች። «አባባ፣ ይሄ መሻል አልነበረም። ሕመሙ ሲጠና ሰውነት ሊቀዘቅዝም ይችላል፤ በተለይ በዕድሜ በገፉ ሰዎች።»
ከቁጥሩ ጎን በቀይ እስክሪብቶ ራይት አድርጌ ነበር። እሷም አይታዋለች።
የተደረገላት፦ በሁለቱም ክንድ ግሉኮስ። በደም ሥር ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት፤ ይህ በሰዓታት መዘግየቱ እንኳ ይጎዳል አሉኝ። ኦክስጅን። ቁስሉ ተከፍቶ መግል ወጣ። ሽንቷ በቱቦ እየተቀዳ በየሰዓቱ ይለካል። የላይኛው ግፊት 80።
«ትድናለች?» አልኩ።
«እስከ ነገ እንየው» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 7
ግፊት ጠዋት 88፣ በሰባት ሰዓት 102። ሽንት መጥቷል፤ ትንሽ ነው፣ ግን መጥቷል። መሠረት ደርሳለች፤ የእናቷን እጅ ይዛ ተቀምጣለች። እኔንም አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።
በዘጠኝ ሰዓት ይርጋለም ዓይኗን ገለጠች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ስሜን ትጠራ ይሆን ብዬ ስጠብቅ፣ «ጺምህን ለምን አልተላጨህም?» አለች።
መሠረት ሳቀች፤ ቀጥላ አለቀሰች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ትንሽ ቆምኩ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 17፣ ቤት
ትናንት ወጣን። ክኒኑ የአምስት ቀን ይቀረዋል። ሐኪሟ ድካሙ ለወራት ሊቆይ ይችላል ብላለች። ትኩሳት ወይም ቅዝቃዜ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ መቀባዠር፣ ሽንት መጥፋት፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ በዚያው ሰዓት መመለስ።
ይርጋለም ከአልጋው እስከ በሩ በራሷ ሄዳ ተመለሰች። እግሯ ይንቀጠቀጣል። ትናንት የነገርኳትን ዛሬም ደግማ ጠየቀችኝ። ይህ ያሳስበኛል።
ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ነገርኳት፦ ጤና ጣቢያውን እንዳስቀረሁት፣ ሕመሙን ጾም ነው እንዳልኩ፣ ራይት ማድረጌንም። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ተኝታለች ብዬ ልነሳ ስል፣
«አሁን አቅም የለኝም» አለች። «ሰው ልሁንና ያኔ እጣላሃለሁ። በደንብ አድርጌ ነው የምጣላህ።»
«እሺ» አልኳት።
ያ ቀን ቶሎ ይምጣልኝ።