ከማዶ የሚታየው ፊት

ጥቅምት 6፣ 1978
የሻይ ቤቱን ታፔላ ጨረስኩ። "ቁርስ" የሚለው ላይ ቀለሙ ወረደብኝ፤ ፍቄ እንደገና ጻፍኩት። የሄርማታ ገበያ ጭር ብሏል። ሰው ሁሉ ቡና ለቀማ ወጥቷል።

ከሰዓት በኋላ ጓድ ዋቅጅራ ሱቄ መጣ። የቀበሌያችን የወጣቶች ማኅበር ኃላፊ። አምና ወንድሜን ጠሃን ለውትድርና ያስያዘው እሱ ነው። ተራው የራሱ የታናሽ ወንድሙ ነበር፤ ሰፈራችን ቦሳ አዲስ ውስጥ ይህን ያልሰማ የለም። የተንኳኳው ግን የእኛ በር ሆነ። ጠሃ የጫማውን ክር እንኳ ሳያስር ወሰዱት። ከመጋቢት ወዲህ ወሬው ጠፋ።

ሰውየው ሳቀልኝ። "ለጢፋ፣ ፖስተር ትሠሪልናለሽ።"
"እሺ፣ ጓድ።"
ብሩሹን ጨምቄ ይዤው ነበር። ጣቴ አሁንም ያመኛል።

ጥቅምት 9
የኩሽኔታ ውድድር ነው ነገሩ። ልጆቹ ጣውላ ሥር የመኪና ኩሽኔታ ይገጥሙና፣ ላዩ ላይ ቆመው የአስፋልቱን ቁልቁለት ይወርዱታል። አንድ የኮሌጅ ተማሪ፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ "ስኬትቦርድ እኮ ነው የሚባለው" አለ። ዋቅጅራ ተቆጣ። "የኢምፔሪያሊስት ስም አልፈልግም። ኩሽኔታ ግልቢያ ብለሽ ጻፊ።" ኩሽኔታስ የጣሊያን አይደል? እንዳለኝ ጻፍኩ።

የመጀመሪያውን ንድፍ አሳየሁት። ጣውላ ላይ የቆመ ልጅ፣ ክንዶቹ እንደ ክንፍ የተዘረጉ። እኔ ወድጄው ነበር።
"ይሄ እየተጫወተ ነው" አለ። "ትግሉ የታለ?"

ጥቅምት 13
ክንዱን አነሳሁት፣ ጡጫ አስጨበጥኩት። ፊደሉን አወፈርኩ። ስዕሉ ሞተ... ጣውላው መሬት ላይ የተቸነከረ መሰለ። ብዙ ታገልኩ። በኋላ ጣውላውን አጋደልኩት፤ ጽሑፉንም አብሬ ወደ ቁልቁለቱ አዘነበልኩ። ያኔ ሮጠ።

ዋቅጅራ አይቶ አገጩን አሻሸ። "ፊቱ የማንም ነው። ወጣቱን የሚመራ ሰው ፊት ቢሆን አይሻልም?"
"የማን፣ ጓድ?"
ከንፈሩን ነከሰ። "እንግዲህ... አንቺ ታውቂያለሽ።"
አወቅኩ። ወላሂ፣ ፊቱን በገዛ እጁ ሰጠኝ።

ጥቅምት 17
ከልጆቹ አንድ ጣውላ ተዋስኩ። "ጣውላው ላይ ይቁሙልኝ፣ አለዚያ አይመስልም" አልኩት። በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣበት። ኩሽኔታው ስንዝር ተንሸራተተ። ያን ጊዜ አየሁት። አፉ ተከፈተ። ዓይኑ እግሩ ላይ ወደቀ። ግራ ቅንድቡ ብቻውን ተሰቀለ። ጠረጴዛዬን ይዞ ቆመ፤ ወዲያው ደረቱን ነፋ። "በይ ሳዪ።"

ጠሃም እንዲህ ፈርቶ ይሆን ሲወስዱት? ጀርባውን ብቻ ነው ያየሁት።

ጥቅምት 22
ያንን ፊት ስሠራ ሰነበትኩ። ምግብ እየበላሁ እሱን ነው የማስበው። እማ "ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" አለችኝ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "ታፔላ በአፍንጫ አይነበብም፤ ማዶ ተሻግረሽ እዪው" ይለኝ ነበር። በዚያ ዘዴ ሠራሁት። ቀይና ጥቁር ብቻ። ከቅርብ ሲያዩት ጥቁሩ ጥላ ነው፤ የቆረጠ፣ የተቆጣ ፊት። ከመንገዱ ማዶ ግን ጥላው ይገጥምና አፍ ይሆናል። የተከፈተ አፍ። ሊያለቅስ የደረሰ ሰው። ቅርጹን ደጋግሜ ከወረቀት ቆርጬ ጣልኩ... በመጨረሻ ቅንድቡ መጣልኝ።

ጥቅምት 24
ዋቅጅራ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ አየው። በጣም ከቅርብ። "ይሄ ነው!" አለና ማኅተም መታበት። ቢነቃስ? ቢነቃ እኔም እማም አለቀልን። ቢሆንም አልነካውም። አንድም ነጥብ አልቀይርም።

ኅዳር 2
ከወፍራም ወረቀት ቆርጬ፣ ቀለሙን በስፖንጅ እየመታሁ አባዛሁት። የማኅበሩ ልጆች ገበያው ላይ፣ ቦሳ አዲስ፣ አጋሮ ከተማ ሳይቀር ለጠፉት።

ኅዳር 4
ሱዓድ፣ አጠገቤ ጨርቅ የምትሸጠው ጓደኛዬ፣ ደጃፏ ቆማ የማዶውን ግድግዳ ስታይ ቆየች። ከዚያ በሻሿ አፏን ሸፈነች። መጥታ በጆሮዬ፣
"ለጢ፣ ሰውየው ያዙኝ ያዙኝ እያለ ነው መሌ፣ አይደል?"
"እኔ ምን አውቃለሁ።"
"ዲሲ፣ ተይ... ለኔ ነው?"

ኅዳር 8
ከአጋሮ ቡና ጭኖ የመጣ ሾፌር ጠየቀኝ። "ያዙኝ የሚባለው ካድሬ የእናንተ ነው አሉ?" ስሙ ያዙኝ ሆኗል። አጋሮ ድረስ። ጣፈጠኝ። ከጠሃ ወዲህ ምግብ እንዲህ በልቼ አላውቅም።

ኅዳር 15
ውድድሩ ዛሬ ነበር። ከአውራጃ የመጣው እንግዳ ዋቅጅራን፣ "ፖስተሩ ላይ ያለኸው አንተ አይደለህም? እስቲ ጋልበህ ክፈትልን" አለው። እንቢ ማለት አልቻለም። አንድ እግሩን ጣውላው ላይ አደረገ። ሕዝቡ ጠጋ ጠጋ አለ። ኩሽኔታው ትንሽ ነቅነቅ ሲል ያ ፊት መጣ፣ ልክ እንደሳልኩት። ከኋላ አንድ ሰው ቀስ ብሎ "ያዙኝ" አለ።

ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። እንግዳውም ጭምር። ዋቅጅራ እግሩን አወረደ።
እኔ አልሳቅኩም። እየሳቁ በደንብ ማየት አይቻልም።

ኅዳር 27
ከኃላፊነቱ አነሱት። "በወጣቱ ዘንድ ተሰሚነት የለውም" ተባለ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ለዚህ ይባላል? አልኩ።

ታኅሣሥ 11
መጣ። ዋቅጅራ በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።
"ሆን ብለሽ ነው?"
"ምኑን?"
"ለጢፋ..."
ብሩሼን አስቀመጥኩ። "ጠሃንስ ሆን ብለው አልነበረም?"
የበሩን መቃን ያዘ። "ትናንት ነጋሳን ወሰዱት። ወንድሜን። ወንበሬ ላይ ብሆን ኖሮ..." አልጨረሰውም።

ነጋሳ ምን አደረገኝ? ከጠሃ ጋር ኳስ ይጫወት የነበረ ልጅ ነው። "እንግዲህ እኩል ሆንን" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። "አላህ ይጠብቀው" አልኩ። ለየትኛው እንዳልኩ አላውቅም።

ደስ አለኝ? መጀመሪያ፣ አዎ። ሲዞር ጀርባውን እስካይ ድረስ።

ታኅሣሥ 19
የጠሃ ፎቶ ቤት ውስጥ የለም። ያለችው አንዷ መታወቂያው ላይ ናት፤ አብራው ሄዳለች። ዛሬ ለእማ ልስልላት ተቀመጥኩ። ቅንድብ ሠራሁ... የዋቅጅራ ሆነ። ፋቅኩት። አፍ ሠራሁ... ያው የተከፈተ አፍ። ዓይኔን ብጨፍንም የሚመጣው እሱ ነው። ስንት ቀን ሙሉ ሌላ ሰው አላየሁም። የወንድሜን ፊት የት ጣልኩት?

እማን ጠራኋት። "ጠፋብኝ" አልኳት። "መልኩ ጠፋብኝ።"
ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን አንስታ ጆሮዬ ላይ አሳረፈችው።
"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" አለች፣ "ጆሮው ይሄው ነው። ያንቺው ነው። ዳብሺው።"

አዲስ ወረቀት አወጣሁ። ከጆሮው ጀመርኩ።