ቀጭኑ አፈሙዝ

ሰኞ፣ የኅዳር ሚካኤል

ክንዴ አልቻለም። የጠመንጃውን ሰደፍ ትከሻዬ ላይ አደላድዬ ጓሮ ያለው የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ አነጣጠርኩ። አፈሙዙ ትንሽ ቀጥ ብሎ ቆየልኝና ቀስ እያለ ወደ መሬት ወረደ። ደገምኩት። ያው ነው። ግድግዳ ተደግፌ ስሞክር ይሻላል፤ ግን አውድማ ላይ ግድግዳ ከየት ይመጣል?

ባለቤቴ ታደለ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተኝቷል። ትርፍ አንጀት ነው ብለው ቅዳሜ ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። እናቱ አጠገቡ ናቸው። እኔ ከልጃችን ከብርቱካን ጋር እዚህ ቀርቻለሁ። በርበሬው ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ ጥዬው የት እሄዳለሁ? የሰፈሩ በርበሬ ሁሉ የሚደርቀው አንድ አውድማ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት መሣሪያ የያዙ ሌቦች መጥተው የጎረቤታችንን በርበሬ ከነሸራው ጠቅልለው ወሰዱ፣ በሬውንም ነዱ። ከዚያ ወዲህ ቤቶቹ በየተራ እየጠበቁ ያድራሉ። የኛ ተራ ሐሙስ ነው።

ተራ የሚያወጡት አያ ደሴ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አስቆሙኝ። "ባልሽ ታሟል። ጠመንጃውን ለአንዱ ጎረምሳ ስጪና ይደርልሽ" አሉኝ።

"እኔው አድራለሁ" አልኳቸው። ከአፌ አመለጠኝ።

አየት አደረጉኝና "እንግዲህ አንቺ ካልሽ" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በዚህ ጊዜ ጠመንጃ ለሰው እንዴት ይሰጣል? ቢመለስ እንኳ ምን ሲሠራበት እንደከረመ ማን ያውቃል? ይህን ግን ለእሳቸው አላልኩም።

ማክሰኞ

ወንድሜ ሙሉቀን ከቡሬ መጣ፣ የራሱን ጠመንጃ ይዞ። ዓይነቱ ከኛው ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ አፈሙዙ ነው፤ ቡሬ ያለው ጠመንጃ ጠጋኝ ቀጭንና ቀላል አፈሙዝ ገጥሞለታል። የኛው ታደለ ከአባቱ እንደወረሰው ነው፣ ወፍራም።

"እስቲ ያዢው" አለኝ። ምንም የያዝኩ አልመሰለኝም። አነሣሁት፣ አወረድኩት፣ ዞርኩበት። ብርቱካን ሳቀችብኝ።

አያ ደሴን አስፈቅደን ከወንዙ ማዶ ወርደን ሞከርናቸው። መተኮስ ያስተማረኝ ታደለ ነው፣ እንደተጋባን ሰሞን። ብርቱካን ከተወለደች ወዲህ ግን ነክቼ አላውቅም።

የኛው፦ ድንጋይ ላይ ካላስደገፍኩት አይሆንም። ሲተኮስ ግን ንቅንቅ አይልም። ወንዙ ዳር ያለ ጉቶ መታሁ!

የሙሉቀን፦ እንደ ልብ ይነሣል። ሲተኮስ ወደ ላይ ይዘላል። ሳትኩ፣ ትከሻዬም በለዘ።

"ሌባ ቆሞ አይጠብቅሽም" አለ ሙሉቀን። "ላንቺ የሚሆንሽ ቶሎ የሚነሣው ነው።" ጠጋኙ ሌላ ቀጭን አፈሙዝ አለው፤ ታደለ ከፈቀደ የኛም ላይ ይገጠማል።

ረቡዕ

ሙሉቀን ታደለን ሊጠይቅ ፍኖተ ሰላም ሄደ። ኔትወርክ ስለሌለ ከሰው አፍ በቀር ወሬ የለም። ቀኑን ሙሉ በርበሬ ሳገላብጥ ዋልኩ። ዓይኔንም እጄንም ያቃጥለኛል። ልቤ አንዴ ወደ ከባዱ፣ አንዴ ወደ ቀላሉ።

ማምሻውን ተመለሰ። እኔ እንደማድር ነግሯቸዋል። አማቴ "ወንድ አልቆ ነው? ልጄን ልታሰድበው ነው?" ብለዋል። ስለ አፈሙዙ ታደለ የተናገረው አንድ ነገር ነው፦ "የአባቴን ጠመንጃ ማንም እንዳይነካካው።"

ስለዚህ የኛው እንዳለ ይቆያል። ሙሉቀን ሥራ ስላለበት ነገ ወደ ቡሬ ይመለሳል፤ እኔ የሱን ጠመንጃ ይዤ አድራለሁ። ወሰንኩ። መወሰኑ ራሱ አሳረፈኝ።

ሐሙስ

ዛሬ የነቢያት ጾም ገባ። ብርቱካንን ጎረቤት አስቀመጥኳት። አያ ደሴ ተራቸው ሳይሆን ከአውድማው ማዶ ሊያድሩ ነው። "እንቅልፍ እንቢ ብሎኝ ነው" አሉ። እውነቱን አውቄዋለሁ።

የምፈራው ሌባውን ብቻ አይደለም። መጥቶ ካልተኮስኩስ? ተኩሼ ከመታሁስ? እመቤቴ፣ ማንም አይምጣ።

ዓርብ፣ ኪዳነ ምሕረት

 እንደሆነው ልጻፈው።

ሌሊቱ በደኅና አለፈ። ሊነጋጋ ሲል ከወንዙ ጭጋግ ተነሥቶ አውድማውን ሞላው። አያ ደሴ ያሉበት ጥግ ጠፋኝ። በመንገዱ በኩል ሰው አየሁ። ጎብጧል፣ ተከናንቧል፣ ቀስ ብሎ ወደ በርበሬው ይመጣል።

"ማነህ?" አልኩ። ዝም።

"ማነህ? ቁም!"

ቆመ። እጁን ከጋቢው ውስጥ ወደ ሆዱ ሰደደ። መሣሪያ ሊያወጣ ነው አልኩ። ጠመንጃው መቼ ትከሻዬ ላይ እንደወጣ አላውቅም። ተተኮሰ። ተኮስኩ ሳይሆን ተተኮሰ ነው የሚመስለኝ። ጣቱ ግን የኔ ነው።

አፈሙዙ ወደ ላይ ዘለለ። ሰውየው መሬት ላይ ዘፍ አለ። ከዚያ በጣም ትንሽ ድምፅ "የሺ" ብሎ ስሜን ጠራኝ።

ታደለ ነው።

ሮጬ ጋቢውን ገልጬ ደም ፈለግኩ። የለም። ከኋላው ያለው ግራር ከታደለ ራስ ከፍ ብሎ ቅርፊቱ ተልጧል። "ለምን አልመለስክልኝም?" እያልኩ አለቅሳለሁ።

"ልጮህ ስል ስፌቱ ያዘኝ" አለ። ሆዱን የያዘው ለዚያ ነው። ትናንት ሐኪሞቹን ለምኖ፣ እናቱን አስቀይሞ ወጥቷል። መኪና ያገኘው እስከ መገንጠያው ብቻ ስለሆነ ዘመድ ቤት አድሮ ሳይነጋ በእግሩ ተነሣ። "አንቺ አውድማ እያደርሽ እኔ አልጋ ላይ እንዴት ልተኛ?" አለኝ።

አያ ደሴ እየሮጡ ደረሱ። አዩን። ጠመንጃውን ከመሬት አንሥተው ጥይቱን አወጡ፣ ጋቢያቸውን ታደለ ላይ ደረቡለት።

ቅዳሜ

ሰው ሲወጣ ሲገባ ዋለ። "እንኳን እግዜር አተረፋችሁ" ይላል ሁሉም። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ስፌቱን አየችው፤ ትንሽ አዥቷል፣ አያሰጋም አለች።

ሙሉቀን ወሬውን ሰምቶ ከቡሬ መጣ። "ያተረፈው ቀጭኑ አፈሙዝ ነው። ባይዘል ኖሮ ትመታው ነበር" አለ። አያ ደሴ ተቆጡ። "በከባዱ ቢሆን እስክታነሣው እሱ ስሟን ይጠራ ነበር። ነገሩን ያመጣው ቅለቱ ነው።"

ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱን ይዤ ሌላውን መጣል አልቻልኩም።

 ቁስሉን ሳጥብለት ታደለ ጣሪያውን ያያል። ብርቱካን "እማ፣ አባዬን ልትገድይው ነበር?" አለችኝ። "በጭጋጉ አልለየችኝም" አላት እሱ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ።

እህል አልቀመስኩም።

እሑድ

ለሙሉቀን ጠመንጃውን መለስኩለት። ጠጋኙም አፈሙዙን ለሌላ ሰው ይስጠው አልኩት። "ከባዱን አትችይውም እኮ እታለም" አለኝ። በርበሬ የሞላ ጆንያ ላይ አስደግፌው እቀመጣለሁ። ቶሎ እንዲነሣልኝ አልፈልግም።

ከቅዳሴ በኋላ ሰዎቹ ስለ ጥበቃው ሲነጋገሩ ሄጄ ቆምኩ። ሁለት ሰው አንድ ላይ ይደር፣ ከመሸ በኋላ የሚመጣ ሰው ወንዙን ሳይሻገር ያፏጭ አልኩ። አንዱ "ሌባም እኮ ያፏጫል" ብሎ አሳቀብኝ። አያ ደሴ "ባልዋን ልትገድል የነበረች እሷ ናት፣ እናንተ አይደላችሁም። አድምጧት" አሉ። ቃሉ ወጋኝ። ግን ተሰማሁ፤ እንዲያ እንዲሆን ተስማሙ።

ተራችን በሚቀጥለው ሐሙስ ይመለሳል። ከምሳ በኋላ ለታደለ ነገርኩት።

"እኔም እመጣለሁ" አለ።

"ተኛ ተብለህ የለ እንዴ?"

"እዚያው እተኛለሁ። ከጀርባሽ።"

እየቀለደ ይሁን ፈርቶ አልለየሁትም። ከራስጌው ያለውን ጠመንጃ አንሥቼ ጓዳ አስገባሁት። ስመለስ ግድግዳው ጋ ጠጋ ብሎ አልጋው ላይ ቦታ ለቆልኝ ነበር።