በዋናው በር የሚወጡት የላቲን መምህር የሕይወት ታሪክ

ሁላችን «ጋሼ» የምንላቸው በ1941 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ተወለዱ። በትምህርታቸው ጎበዝ፣ በክርክር አስቸጋሪ ነበሩ፤ እናታቸው «ይሄ ልጅ ከግድግዳም ጋር ይሟገታል» ይሉ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. በዚህ ትምህርት ቤት ላቲን ማስተማር ጀመሩ። ጠመንጃ ነክተው ባያውቁም ተማሪዎቻቸው «መቶ አለቃ» አሏቸው፤ የሮማ ጦር ነገር ከተነሳ ማን ያስቆማቸዋል! ከቃላት ሁሉ «ሚሲዮ»ን ይወዱ ነበር። የወታደር ስንብት ማለት ነው፤ «መላክ» ከሚለው ግስ የወጣ፣ ቅጽሉንም በሴት ፆታ የሚያስከትል ስም። ዘመኑን ጨርሶ በክብር የሚሸኝ «ሆኔስታ ሚሲዮ»፣ በሕመም የሚሰናበት «ሚሲዮ ካውሳሪያ»፣ ተዋርዶ የሚባረር «ሚሲዮ ኢግኖሚኒዮሳ» ይባልለታል። በዓመቱ መጨረሻ ጋሼ ክፍሉ በር ላይ ቆመው፣ የእያንዳንዱን ተማሪ እጅ ጨብጠው «ሆኔስታ ሚሲዮ» ሳይሉት ማንም አይወጣም ነበር። የወደቀውም ቢሆን።

የትምህርት ቤቱን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አግብተው ሴትና ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

አሁን የሚያንገበግበንን እንናገር። በ1998 ዓ.ም. አዲሱ ርእሰ መምህር «ላቲን ለማን ይጠቅማል?» ብለው ክፍሉን ዘጉ፤ ጋሼንም ከማስተማር መሐል አስጠርተው «በሕመም ምክንያት» አሰናበቷቸው። የምን ሕመም? ጉንፋን እንኳ የማይደፍራቸው ሰው! ጠመኔያቸውን እንደያዙ በጓሮ በር ወጡ። እጃቸውን የጨበጠ አልነበረም።

ይባስ ብሎ ትናንት ከትምህርት ቤቱ ሰው ተልኮ፣ «በጤና ምክንያት በፈቃዳቸው ለቀቁ ብላችሁ አንብቡልን» አለን። ወይ አለማፈር! አናነብም። በፈቃዳቸው አልለቀቁም። ርእሰ መምህሩ ከፊት ወንበር ላይ ስላሉ ጮክ ብለን እንናገራለን፦ አልታመሙም ነበር።

ሕመሙ የመጣው ዘንድሮ ነው። ኩላሊታቸው ደክሞ ሆስፒታል ሲተኙ ልጃቸውን «ሁሉን ሸኘሁ፤ እኔን ማን ሸኘኝ?» አሏት። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

አስከሬናቸው በዋናው በር ይወጣል። ያስተማሯችሁ ሁሉ በሩ ላይ ተሰልፋችሁ፣ እንዳስተማሯችሁ «ሆኔስታ ሚሲዮ» በሏቸው። አምላክም ነፍሳቸውን በር ላይ ቆሞ ይቀበልልን። ርእሰ መምህሩም ከፈለጉ ይሰለፉ፤ ጋሼ የወደቀውንም ይጨብጡ ነበር።