ከሪም የሚለውን ስም ስለ መልቀቅና አለመልቀቅ

ለውድ ታናሽ እህቴ፣

በከባድ ሐዘንና ከሐዘኑም በበለጠ በማቅለሽለሽ የማሳውቅሽ ጉዳይ አለ፦ ባለፈው ሐሙስ በሥራ ቦታዬ በስጦታ በተሰጠኝ ሳሙና ውስጥ የሰው ፀጉር ተገኝቷል። ፀጉሩ ረጅም ነው፣ ጥቁር ነው፣ የእኔም አይደለም። የእኔ ፀጉር ጥሎኝ ከሄደ ስንት ዘመኑ እንደሆነ አንቺው ታውቂያለሽ።

ይህን ካስታወቅኩ በኋላ ወደ ሰላምታው እገባለሁ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? አራስ ቤት እንዴት ይዞሻል? ወገብሽ ጠና አለልሽ ወይ? ማሙሽስ እንቅልፍ ይሰጥሻል ወይስ እንደ አባቱ ሲለፈልፍ ያነጋል? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? ባልሽስ፣ አማትሽስ፣ ጎረቤቱስ፣ ያቺ ሰው የምትነክስ ዶሮስ? እኔና አክስታችን አልሐምዱሊላህ፣ ከሳሙናው በስተቀር ደህና ነን።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ልጁ ከሪም እንዲባል ስሙን ልቀቅልን ብለሻል። ደንቡን አልረሳሁትም፤ በእኛ ቤት ይህ ስም የመጨረሻው ባለስም በገዛ አፉ ወይም በገዛ እጁ «ለቅቄያለሁ» ካላለ ለሌላ አይሰጥም። የመጨረሻው ባለስም ደግሞ እኔ ነኝ። የእኔ ቃል እስኪደርስ ልጁ ማሙሽ እየተባለ ይጠብቃል። «አንተ ስለራቅህ ስምህ እንኳ በቤት ውስጥ ይጠራ» ያልሽው ሆዴን አባብቶታል፣ አልዋሽሽም። መልሴ ግን አልለቅም ነው። ምክንያቱን ስትሰሚ እጄን ትስሚዋለሽ፤ ታጥቤ ከሆነ።

ከሪም ማለት ቸር ማለት ነው። በየዘመኑ ስንቱ ዳኛ፣ ስንቱ መርከበኛ፣ ስንቱ ሊቅ ተጠርቶበት አልፏል። እኛ ቤት ሲደርስ ግን ነገር ተበላሸ። ሙሉ ስሙ አብዱልከሪም ነበር፤ የቸሩ ጌታ አገልጋይ ማለት ነው። የእኛ ሰዎች አገልጋይነቱ ከበዳቸውና ጣሉት፣ ቸርነቱን ብቻ አስቀሩ። ትንሽ ቆይተው እሱንም ጣሉት። ስለዚህ በቤታችን ታሪክ በዚህ ስም ከተጠሩት መካከል አንድም ቸር ሰው እንዳልተገኘ በማስረጃ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ቅድመ አያታችን ናቸው። ጉድጓድ ነበራቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ እንዲቀዳ ፈቅደዋል። ምን ዓይነት ደግ ሰው ናቸው አትይም? ታዲያ ከቤት በወጡ ቁጥር ገመዱን ጠምጥመው በትከሻቸው አንጠልጥለው ይሄዱ ነበር። ውሃው የሕዝብ፣ ገመዱ የከሪም። የተጠማ ሰው ጎንበስ ብሎ ውሃውን እያየ ይመለስ ነበር አሉ። «የከሪም ገመድ» የሚለው የሰፈራችን ተረብ ከዚያ የመጣ ነው፤ ልጅ ሆነን ከረሜላ የደበቀብንን ሁሉ የምንሰድበው በሱ አልነበር?

ሁለተኛው አያታችን ናቸው። በዚያ አካባቢ ጃንጥላ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ያበድሩም ነበር፣ ሰማዩ ወለል ብሎ ጠርቶ ከዋለ። ደመና ብቅ ካለ ግን የተበደረውን ሰው በመንገድ እየተከተሉ ሲሮጡ ይታዩ ነበር። ሦስተኛው አጎታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለሐዘን ቤት ወንበር አውሶ፣ የተቀመጠበት ለቀስተኛ ገና ማልቀስ ሳይጀምር «ተነሥ እንጂ ወንድሜ፣ ቆሞስ አይለቀስም?» ብሎ ወንበሩን ከሥሩ የወሰደ ነው። ሰውየው ቆሞ አለቀሰ። ለማን እንዳለቀሰ ግን እስካሁን አልታወቀም።

አራተኛው እኔ ነኝ። ስለ ራስ ማውራት ነውር ስለሆነ እዘለዋለሁ።

አምስተኛው የሥራ አለቃዬ ነው። ከቤታችን ባይሆንም ሞክሼዬ ነው፤ የስሙን ግብዓተ መሬት የፈጸመውም እሱ ነው። እንደምታውቂው የምሠራው የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ፣ ምድር ቤት ነው። አንሶላ ይወርዳል፣ ፎጣ ይወርዳል፤ ከላይ ሰው ምን ሲሠራ እንዳደረ እኛ ከታች እናነባለን። የማላውቀው ሰው ትውከት፣ የማላውቃት ሴት የከንፈር ቀለም፣ ትራስ ላይ የተረሳ ማስቲካ። ይህን ሁሉ ለምጄዋለሁ። ቆሻሻ፣ ቆሻሻ ነኝ ብሎ ሲመጣ ብዙም አያስጠላም። የሚያስጠላው ንጹሕ ነኝ ብሎ የመጣ እንደሆነ ነው።

አለቃችንን አረፋው እንለዋለን፤ ከፍ ብሎ ይነሣል፣ ሲነኩት ባዶ ነው። ይኸው ሰው እንግዶቹ ገላቸውን ታጥበው የተዉትን ቁርጥራጭ ሳሙና ከየክፍሉ አስለቅሞ፣ ባረጀ ድስት አቅልጦ፣ በሻይ ብርጭቆ ቅርጽ አስይዞ፣ አበባ ባለው ወረቀት ጠቀለለው። ሐሙስ ዕለት ማሽኖቹን አስቁሞ ሰበሰበን። ፎቶ አንሺ መጥቷል። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅም ከላይ ወርዶ፣ ግድግዳውን ላለመንካት ክንዱን ሰብስቦ ቆሟል። አረፋው ጉሮሮውን ጠረገና «ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ከሪም ማለት ቸር ማለት ነው፤ የእኔን ያወጣው መልአክ አልተሳሳተም» አለ። ቀጥሎ እኔን ጠራኝ። «ሞክሼዬ ይቅደም። ና፣ ጠጋ በል፤ አሽትተው፣ ፈገግ በል።»

አሸተትኩት። ላዩ ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ከሎሚው ሥር ግን የሌላ ሰው ብብት አለ። ፎቶው አሁን በሠራተኞች መግቢያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እኔ ሳሙና አፍንጫዬ ሥር ይዤ ጥርሴን ገልጬ፣ ከበታቼ «የቸሩ እጅ» ተብሎ ተጽፎ። ጠዋት ስገባ አየዋለሁ፣ ማታ ስወጣ ያየኛል። ፀጉሩን ያገኘሁት ቤት ገብቼ ፊቴን ስታጠብ ነው፤ ጉንጬ ላይ ተጋድሞ። በማግስቱ አጠገቤ ለምትተኩሰው፣ ምላሷ ከካውያዋ በላይ ለሚያቃጥለው ሴት ብነግራት፣ የእሷ ሳሙና ውስጥ የጥፍር ቁራጭ እንደነበረ ገለጸችልኝና፣ አንተስ ዕድለኛ ነህ፣ ራስህ ላይ ትከለው አለችኝ።

እንግዲህ ፍረጂ። ጥርስ ባላበቀለ ልጅ ላይ ይህን ስም እንዴት እጭናለሁ? አንዱ ገመድ ይዞ የዞረበት፣ አንዱ ወንበር የነጠቀበት፣ አንዱ የሰው እድፍ በአበባ ወረቀት የጠቀለለበት ስም ነው። ስሙ ታጥቦ የማይለቅ እድፍ ይዟል፤ እድፍ ደግሞ ሙያዬ ነውና እመኚኝ። ሌላ ስም ፈልጉለት። ይሄኛው በእኔ ይብቃ።

ለእማዬ ጉልበቷን ከብርድ እንድትጠብቅና ማሙሽን ይዛ ደረጃ እንዳትወጣ ንገሪልኝ። ለባልሽ ከንፉግ ዘር ማግባቱን እያወቀ እስካሁን ስለቻለን ምስጋናዬ ይድረሰው። ለአማትሽ እንዳጎነበስኩ ንገሪያቸው። የማሙሽን ሁለቱንም እግር ሳሚልኝ። ለዶሮዋ ሰላምታ የለኝም። አብረውኝ የሚኖሩት የአባታችን ታላቅ እህት፣ አክስታችን፣ አጠገቤ ሆነው ካልሲዬን በመርፌ እየጠቀሙ ሁላችሁንም ሰላም በሉልኝ ይላሉ። ሰሞኑን ስለከፋቸው፣ ትንሽ ቢስቁ ብዬ ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው ላነብላቸው ነው።

ወንድምሽ

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለው ክፍላችን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ማረሚያ፦ ከዚህ በላይ ስለ ቅድመ አያታችን ገመድ የተገለጸው ስህተት ሆኖ ስለተገኘ እንደሚከተለው ታርሟል። አክስታችን ፀጉሩ ላይ ስቀው ስቀው፣ ገመዱ ጋ ስንደርስ መርፌያቸውን አቆሙ። «ገመዱን ትተው በሄዱበት ቀን ነው የበኩር ልጃቸው ውሃ ልቅዳ ብሎ እዚያ የቀረው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ገመድ ካለ ልጅ ወደ ጉድጓዱ አፍ ይጠጋል ብለው፣ ከቤት በወጡ ቁጥር ይዘውት ይሄዱ ነበር። ጠዋት ከመውጣታቸው በፊትና ማታ ሲመለሱ ደግሞ ደጃቸው ላይ የተደረደረውን የሰፈሩን ባልዲ ሁሉ ራሳቸው እየቀዱ ይሞሉ ነበር። አክስታችን ጠጥተው ያደጉት ያን ውሃ ነው። በመሆኑም «የተጠማ ሰው ጎንበስ ብሎ ውሃውን እያየ ይመለስ ነበር» የሚለው ተሰርዟል፤ «አንድም ቸር ሰው እንዳልተገኘ» የሚለው «አንድ እንደተገኘ» ተብሎ ይነበብ። የጃንጥላውና የወንበሩ ነገር ትክክል መሆኑን አክስታችን አረጋግጠዋል። ስለ ሳሙናው የተጻፈው ሁሉ እንዳለ ይጸናል። «አልለቅም» የሚለው «ለቅቄያለሁ» ተብሎ ይነበብ።