ሳልጠየቅ ያቃናሁት ቸርኬ

ጥቅምት ፰ ቀን

ጠዋት የገዛ ብስክሌቴን ገልብጬ የኋላውን ቸርኬ አቃናሁ። ጠመኔ አስጠግቶ መያዝ፤ ጎማውን ማሽከርከር፤ ጠመኔው በነካው በኩል ያለውን ሽቦ ማላላት፥ የተቃራኒውን ማጥበቅ። በየገጠሩ ሳስተምር የለመድሁት ነው። ከሰዓት በኋላ የቀበሌውን ማስታወቂያ አንብቤ አራት ስሕተት አገኘሁ። ለጸሐፊዋ ነገርኋት። "እሺ ጋሼ" አለች... አታርመውም።

ጥቅምት ፱ ቀን

ደረሳ፥ የኋላ ክፍላችን ተከራይ፥ ብስክሌቱን ጠጋኙ ባቻ ዘንድ አሠርቶ አመጣ። ማለዳ ማለዳ ከጉቶ ጊዳ ወተት የሚያመጣበት ነው። ግቢው ውስጥ አቁሞት ወጣ። ፊተኛውን ጎማ አሽከረከርሁት። አሁንም ይወዛወዛል፤ በጥቂቱ፥ ግን ይወዛወዛል። ባቻን ስምንተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ያኔም ሥራውን ሳይጨርስ ያስረክብ ነበር።

የሽቦ ማጥበቂያ ቁልፌን አመጣሁ። አንድ ሰዓት ያህል ሠራሁ። ሽቦው ሲነካ እንደ ክራር እስኪጮኽ ድረስ አጠበቅሁት። ቀጥ አለ።

ባለቤቴ ሸዋገነት ከደጃፉ ሆና፥ "የሰው ዕቃ ነው። ጠይቀኸዋል?" አለች።

"ጎደሎ ሥራ ለማረም ፈቃድ አይጠየቅም" አልኋት።

ለደረሳ አልነገርሁትም። ምስጋና የፈለግሁ እንዳይመስል...

ጥቅምት ፲፩ ቀን

ደረሳ ወደቀ። ቁልቁለቱ ላይ ጉድጓድ ሲመታ ፊተኛው ቸርኬ ተጣጠፈ። የቀኝ እጁ አንጓ ተሰብሯል። ሄጄ ጠየቅሁት። "ባቻ ነው ጉድ የሠራኝ፥ አባባ" አለ።

ጉድጓዱ ይሆናል። ጉድጓዱ ነው።

ጥቅምት ፲፪ ቀን

ባቻ ቸርኬውን ሊያይ መጣ። "አካም ቡልተን፥ ባርሲሳ" ብሎ እንደምን አደሩ አለኝ። የቀድሞ ተማሪዎቼ ሁሉ ዛሬም በኦሮምኛ ባርሲሳ፥ መምህር፥ እያሉ ይጠሩኛል። ተንበርክኮ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ።

"እኔ ይህን ያህል አላጠብቅም። አሮጌ ቸርኬ ሲያስጨንቁት ይሰበራል። ትንሽ እንደተወዛወዘ ለቅቄው፥ ሁለት ቀን ተነድቶ ሲመለስ ነው የምጨርሰው። ለደረሳም ነግሬዋለሁ።" ጣቱን ሽቦው ላይ እንዳቆመ፥ "ወይስ ሳላስበው አጥብቄው ይሆን?" አለ። ለራሱ ነው የተናገረው።

እኔ መልስ ነበረኝ። ሻይ ይጠጣ እንደ ሆነ ጠየቅሁት።

ጥቅምት ፲፯ ቀን

ሽምግልና ተቀመጥን። ሦስት ነን፤ ሰብሳቢው እኔ። ሲጠሩኝ እንቢ ማለት ይገባኝ ነበር። ምን ብዬ?

ባቻ ያንኑ ደገመ። የደረሳ አጎት፥ "የገዛ እጅህን ሥራ አንተ ካላወቅኸው እኛ እናውቅልህ?" አለው። ሰዎች ሳቁ። ፍርዱን እኔ ተናገርሁ፦ ባቻ ይቅርታ ይጠይቅ፤ የደረሳ እጅ እስኪድን ወተቱን እርሱ ያመላልስለት። አንድ ቃል እንኳ አልተደናቀፈብኝም።

ባቻ ተነሣ። "ዺፈማ" ብሎ ይቅርታ ጠየቀና የደረሳን ትከሻ ሳመ። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ ጉልበቴን ሳመ።

ጉልበቴን።

ጥቅምት ፳፪ ቀን

ባቻ ለወተቱ ጎሕ ሲቀድ ይሄዳል። የሥራ ቦታው እስከ ረፋድ ዝግ ነው። ከዚያ በኋላም የተገለበጠ ብስክሌት ደጁ ላይ አላየሁም።

ሸዋገነት ምሳ አቅርባ፥ "ጉልበትህን ሲስም ምን አልኸው?" አለች።

"ምንም።"

"ነገም ምንም በለው።" ሳትቀመጥ ወጣች። ብቻዬን በላሁ።

ጥቅምት ፳፬ ቀን

ጸሎት ጀምሬ አቋረጥሁ።

ጥቅምት ፳፮ ቀን

ባቻ ዘንድ ሄድሁ። አንድ ጎማ ይዞ ያሽከረክራል፥ ያቆማል፥ እንደ ገና ያሽከረክራል።

"ባርሲሳ፥ እስቲ ይዩልኝ፤ ቀጥ ብሏል? ሰሞኑን እጄን አላመንኩትም።"

ቀጥ ብሎ ነበር። ሃያ ዓመት የሠራ እጅ... እዚያው ቆሜ ነገርሁት። ያዘጋጀሁት ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ጠፋብኝ። "እኔ ነኝ ያጠበቅሁት" ብቻ አልሁ።

ጎማውን መሬት ላይ አኖረው።

"መቼ?"

"አንተ ባስረከብኸው ዕለት።"

"ጉልበትዎን ስስም ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ንጹሕ ነበር፤ ጠረገው። "ታዲያ ለእኔ ብቻ ነው የሚነግሩኝ? የፈረዱብኝ በሰው ፊት ነው።"

ኅዳር ፩ ቀን

ሽማግሌዎቹ እንደ ገና ተቀመጡ። እኔ በተከሳሽ ቦታ ቆሜ፥ ሽቦውን ያጠበቅሁት እኔ መሆኔን ተናገርሁ። ደረሳ በደኅና እጁ የታሰረውን ደግፎ መሬት መሬት ያያል። አጎቱ ይቀልድብኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለደም። ቢቀልድ ይሻለኝ ነበር።

ባቻን ምን ትሻለህ አሉት። "ወተቱን እርሳቸው ያድሉ። ለምን እንደሚያድሉም በየበሩ ይናገሩ። ሌላ አልፈልግም" አለ። አንደኛው ሽማግሌ ዕድሜዬን አነሣ። "በእግሬ እችላለሁ" አልሁ።

"ዺፈማ" ብዬ ወደ ባቻ ቀረብሁ። ትከሻውን ሰጠኝ፤ ፊቱን ግን አዞረ። ከእንግዲህ ለሽምግልና እንዳይጠሩኝም ነገርኋቸው። ማንም አልተከራከረኝም።

ኅዳር ፫ ቀን

ወተቱ ከጉቶ ጊዳ በባጃጅ መጣ። ሰባት ቤት ነው። የመጀመሪያው የወይዘሮ ወርቂቱ። ጀሪካኑን በእጄ ስታይ ደነገጠች።

"ምነው ባርሲሳ፥ ባቻ ታመመ?"

ደክሞት ነው ማለት ይቻል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር...

"አልታመመም። የደረሳን ቸርኬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በባቻ ላይ የፈረድሁትም እኔው ነኝ።"

"እኔ እኮ የልጄን ሳይክል ሌላ ሰው ጋ ወሰድኩት።"

"ወደ ባቻ ይመልሱለት።"

ማሰሮዋን አቀረበች፤ ቀዳሁላት። ጥቂት ፈሰሰብኝ።

"ነገ ቀደም ብለው ይምጡ" አለች። "ልጆቹ ሳይጠጡ ትምህርት ቤት እየሄዱ ነው።"

"እሺ" አልኋት። ስድስት በር ቀርቶኝ ነበር።