በበራሪ ወረቀትዎ ሽፋን ላይ ጥርሷን ስለምታሳየው ምሩቅ

ለተከበሩ የሚዲያና ኮሙኒኬሽን ኮሌጅ ዲን
ባሉበት

እጅግ የተከበሩ ዲን ሆይ፤ ጤናዎ እንደ ኮሌጅዎ ክፍያ ከዓመት ዓመት እየጨመረ፣ እንቅልፍዎም እንደ አንደበትዎ የለሰለሰ ሆኖ እንዲከርምልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆንኩበትን ጉዳይ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አስፍሬልዎታለሁ።

በቅድሚያ ራሴን ላስተዋውቅ። በዘንድሮው የተማሪ መቀበያ በራሪ ወረቀትዎ ሽፋን ላይ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ማይክራፎን አፏ ሥር አድርጋ የምትስቀው ምሩቅ እኔ ነኝ። ከሥሬ «ከመቶ ምሩቆቻችን ዘጠና ሦስቱ በሙያቸው ተቀጥረዋል» ይላል። ታናሽ እህቴ ይህን ወረቀት አይታ እርስዎ ዘንድ ለመማር ቆርጣለች፤ ልብስ ሰፊው አባታችንም የፊታችን ሰኞ በኮሌጅዎ በኩል ለምትወስደው የትምህርት ብድር ያለችንን አንዲት ቤት ሊያስይዝ ነው። በግል ሦስት ጊዜ ጽፌልዎ ለመልስ ጊዜ ስላጡ፣ ምናልባት ሌላ ሰው አንብቦ ይነግርዎት እንደሆነ ብዬ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሥራዬ። የላኩልኝ መጠይቅ «ሥራዎ በየዕለቱ ከሕዝብ ጋር መነጋገርን ይጠይቃል ወይ?» ይል ነበር። እውነት መናገርን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና «አዎ» ብዬ ሞላሁ፤ እርስዎም በሙያዋ የተቀጠረች ብለው መዘገቡኝ። እኔ ግን ከሕዝብ ጋር የምነጋገረው ያልተከፈለ የተማሪ ብድር በሚያስመልስ ድርጅት ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ከሃያ ሁለት ሰዎች ጋር ተደርድሬ ስልክ በመደወል ነው። ፎቶ አንሺዎ ከጀርባዬ የተሰቀለውን «የወሩ ምርጥ ዕዳ አስመላሽ» የሚል ሰሌዳ በጥንቃቄ ቆርጦ ስላስቀረልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የአውቶቡስ ትኬት ቆራጮችንም በዚያው መጠይቅ ጠይቀዋቸው ቢሆን ኖሮ ዘጠና ሦስቱ መቶ በሞላልዎ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ገቢዬ። በመጀመሪያው ቀን ንግግርዎ «ይህ ዲግሪ በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱን ይከፍላል» ብለውን ነበር። ከተመረቅሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ዲግሪው ራሱን ለመክፈል እስካሁን ፈቃደኛ ስላልሆነ የምከፍልለት እኔ ነኝ። ከደመወዜ ሲሶው ለብድሩ፣ ግማሹ ለምጋራው ክፍል ኪራይ ይሄዳል፤ በተረፈችው ደግሞ እበላለሁ ይባላል። በዚህ አካሄድ ዕዳዬን ጨርሼ የምተነፍሰው በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ክፍሉን የምትጋራኝ ልጅ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች የጥፍር ሠራተኛ ስትሆን፣ ወር በገባ በሃያኛው ቀን ያለ ዋስና ያለ ወለድ ታበድረኛለች። እርስዎ ስላላስተማሯት ደግ ሆና ቀርታለች።

በዚሁ ላይ፣ ባለፈው ወር የራሴን ብድር መክፈያ ቀን ሳሳልፍ ስሜ ከምደውልላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ተጽፎ መጣልኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም። ለራስ መደወል በመመሪያ የተከለከለ ስለሆነ ቁጥሬን አጠገቤ ለተቀመጠችው የሥራ ባልደረባዬ ሰጠኋት። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ደወለችልኝ፤ እኔም አንስቼ በቅርቡ እንደምከፍል በትሕትና ቃል ገባሁላት። ንግግራችን ለአገልግሎት ጥራት ተቀድቷል።

ሦስተኛ፤ ስለ ክፍል ጓደኞቼ። «የማሳመን ጥበብ» የተባለውን ትምህርት በከፍተኛ ውጤት ማለፌን ያስታውሱ ይሆናል። እነሆ አብረውኝ የተማሩትን አንድ በአንድ እየደወልኩ ከሌላቸው ላይ እንዲከፍሉ አሳምናቸዋለሁ። እኛ «ርዕሰ አንቀጽ» እያልን የምንጠራው፣ እርስዎ በመድረክ ላይ የሽልማት ብዕር የሰጡት ልጅ ዛሬ በአንድ ማተሚያ ቤት የሠርግ ጥሪ ካርድ ያጥፋል። ስደውልለት ማንነቴን ወዲያው አወቀ። እንዳነብ የተጻፈልኝን ማስጠንቀቂያ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ «ድምፅሽ ለዜና ይሆን ነበር» አለኝና ዘጋው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን አያነሳም፤ በመዝገባችን «ለመተባበር ፈቃደኛ ያልሆነ» ተብሎ የተጻፈውም በእኔ እጅ ነው።

አራተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እቤት ስጠየቅ «ሥራዬ በድምፅ ነው» እያልኩ ዋሽቻለሁ፤ አፍሬ ነው። አባቴ ለብድሬ ዋስ ሆኖ ሲፈርም አጠገቡ ቆሜ ስለነበር፣ ያ ፊርማ በከንቱ መዋሉን ልነግረው አቃተኝ። ባለፈው ሳምንት ግን ጨክኜ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አባቴ ከስፌት መኪናው በላይ የለጠፈውን በራሪ ወረቀትዎን እያሳየኝ «ኮሌጅ የሚያህል ነገር ይዋሻል?» አለኝ። እህቴም በቅናት ነው ብላ አኮረፈችኝ። እኔ ያሳደገኝን ሰው ማሳመን ሲያቅተኝ እርስዎ በአንዲት ወረቀት ማሳመንዎ፣ ከእኛ መካከል የሙያው ባለቤት ማን እንደሆነ ያስመሰክራል።

ስለዚህ ከታላቅ አክብሮት ጋር የምለምንዎ አንዲት ነገር ብቻ ናት። ከሰኞ በፊት ለአባቴ፣ ምሩቆችዎ በእርግጥ የት እንደሚውሉና ስንት እንደሚያገኙ በፊርማዎና በማኅተምዎ አረጋግጠው ሁለት መስመር ይጻፉለት። ሞኝ ከራሱ ብልህ ከሰው ይማራል ይባላል፤ እህቴ ብልህ እንድትሆን ይፍቀዱላት። ቤቷን ያጣን እንደሆነ አባቴ የስፌት መኪናውን የሚያቆምበት ጥግ የለውም።

ላስተማሩኝ ሁሉ፣ በተለይም ከተመረቅሁ በኋላ ላስተማሩኝ፣ እጅ እየነሳሁ፣

የሽፋንዎ ፈገግታ፣ የወሩ ምርጥ ዕዳ አስመላሽ፣
እስከ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ የእርስዎው ምሩቅ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለእህቴ አስነበብኳት። እስከ መጨረሻው ድረስ ዓይኗን ሳትነቅል አነበበችና አቀፈችኝ። «እንዲህ አድርገው መጻፍ አስተምረውሽ ነው ዋሹኝ የምትይው?» አለችኝ። ለአባቴም ጮክ ብላ አነበበችለት፤ እሱም የቤቱን ካርታ ከሣጥን አውጥቶ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለው። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት አባቴና እህቴ በርዎ ላይ ይገኛሉና እባክዎ በሰዓቱ ይግቡ።