ቅዳሜ ማን ነዳት?

ጥቅምት 6

ጠዋት መጋረጃ አደረስኩ። የደንበኛዬ የሐኪሟ ሳሎን መጋረጃ፣ ለክቼው እንኳ አጠረ... ፈትቼ ልሰፋው ነው። ስመለስ ድልድዩ ጋ ትራፊክ አስቆመኝ። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ሁሉንም አሳየሁት። ሂጂ ይለኛል ስል መኪናዋን ዞሮ አያት።

"ቅዳሜ ማታ ማን ነበር የሚነዳት?"

ለወሬ ያህል የጠየቀ መስሎ። "ባለቤቴ" የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር... ዋጥኩት።

"ምነው?"

"እንዲሁ ነው። ነጭ መኪና ሁሉ እያየን ነው።"

ትራፊክ እንዲሁ ይጠይቃል እንዴ?

ጥቅምት 7

ምሳ ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት። ማንኪያው አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። "ምን አልሽው?" አለኝ። ለምን አስቆመሽ አላለም። ቅዳሜ እናቱ ጋ እንዳመሸ ነበር የነገረኝ። እናቱ ደግሞ ዛሬ ደውለው፣ "ያ ልጅ ምነው ጠፋብኝ? ደህና ነው?" አሉኝ።

ደህና ነው አልኳቸው። ነው?

ጥቅምት 8

የግራው የፊት መብራት አዲስ ነው። የቀኙ ደብዝዟል።

ጥቅምት 9

ጠበቃው አጎቴ ጋ ሄድኩ። የጓደኛዬ ጉዳይ ነው አልኩት። ፈገግ አለ።

"መንጃ ፈቃድና የመኪናዋን ወረቀት ሲሉሽ ስጪ። ስምሽን ንገሪ። ማን ነዳ፣ የት ነበርሽ ካሉሽ ግን፣ ጠበቃዬ ባለበት እመልሳለሁ በይ። መብትሽ ነው። ብቻ እንዳትዋሺ። ዝም ማለት ወንጀል አይደለም፣ መዋሸት ጣጣ አለው።"

በር ድረስ ሸኘኝ። "ለጓደኛሽ ንገሪያታ!"

ጥቅምት 11

እዚያው ድልድይ። ዛሬ መርማሪም አለ። አዲሱን መብራት በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

"ቅዳሜ ማን ነዳት?"

"ጠበቃዬ ባለበት እመልሳለሁ።"

"ንጹሕ ሰው ጠበቃ ምን ያደርግለታል፣ እህቴ?"

መሪውን ጨብጬ ወደ ፊት አየሁ።

"አንዲት ሴት እግሯ ተሰብሮ ተኝታለች" አለኝ።

"ታስሬያለሁ ወይስ ልሂድ?"

አየኝ፣ አየኝ... "ሂጂ።"

መብቴን አስከበርኩ። ታዲያ ለምን ሌባ ሌባ ሸተትኩ?

ቤት ስገባ ቦርሳዬን እንኳ አላስቀመጥኩም። "ለፖሊስ ዝም አልኩልህ። አንተ ግን እኔን ዝም አትለኝም!" መጀመሪያ ተቆጣ። ኋላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

"አትክልት ሻጭ ናት... ዘንቢል ይዛ ስትሻገር። ወርጄ ላያት ነበር፣ እግሬ እምቢ አለኝ።"

ለመውረድ እምቢ ያለ እግር፣ ነዳጅ ለመርገጥ እሺ አለ?

ጥቅምት 12

ከአጎቴ ጋር ሄዶ እጁን ሰጠ። ጃኬቱን እኔ አቀበልኩት። አላቀፍኩትም።

ጥቅምት 20

ሆስፒታል ሄድኩ። አጎቴ "አሁን ይቅርብሽ፣ ለክርክሩ አይበጅም" ብሎኝ ነበር። ሴትዮዋ በእኔ ዕድሜ ናት። እግሯ በጄሶ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ተሰቅሏል።

"ማን ልበል?" አለችኝ።

ለእሷም አለመመለስ እችል ነበር።

"የገጨሽ ሰው ሚስት ነኝ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንደቆምኩ ቀረሁ። ሳትዞር፣

"ቁጭ በይ" አለች። "ቆመሽ አታስጨንቂኝ።"

ተቀመጥኩ።